ከግራዋ ቅጠል እስከ ቁጥሩ፦ ጅማ ላይ የመድኃኒት ተክልን በላብራቶሪ የመለካት መመሪያ

ጅማ ላይ ግራዋ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። አጥር ላይ አለ፣ ጓሮ አለ። የጠላ ጋን በግራዋ ታሽቶ ነው በወይራ የሚታጠነው። ሆድ ሲታመም፣ ወባ ሲይዝ፣ ቆዳ ሲያሳክክም ቅጠሉ ይጨመቃል። የሚጠቀሙበት ሰዎች "ፍቱን ነው" ይላሉ። ላብራቶሪ የሚገባ ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ምን አለ? ስንትስ አለ?

ይህ መመሪያ ሁለተኛውን ጥያቄ ለያዘ ሰው ነው። የመመረቂያ ሥራ የጀመረ የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲ ወይም የባዮሎጂ ተማሪ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ሊጠቀምበት ይችላል። ምሳሌዬ ግራዋ ነው። ዳማከሴም ሆነ ጤና አዳም፣ ብሳናም ሆነ ሰንሰል፣ መንገዱ ብዙም አይለይም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። ብዙ ሰው መጠንቀቅ የሚጀምረው ስፔክትሮው (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር) ፊት ሲቀመጥ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚያነበው። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ገና ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ለቀማና ማድረቅ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ኤችፒኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ የሚለይ ማሽን) ላይ ደግሞ ቶሎ አልፋለሁ። ቅር እንዳይላችሁ።

መጀመሪያ የምትለኩትን ወስኑ

ባዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚሠራ ነገር፣ ሲባል አንድ ነገር አይደለም። ፌኖሎች አሉ፣ ፍላቮኖይዶች አሉ፣ አልካሎይዶች፣ ሳፖኒኖች፣ ተርፒኖች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ መለኪያ አለው።

ግራዋን እንውሰድ። ያ ምላስ የሚያስር መራራነት የሚመጣው በዋናነት እንደ ቬርኖዳሊን ካሉ ሴስኩዊተርፒን ላክቶኖችና ከስቴሮይድ ሳፖኒኖች ነው። እነዚህ ፌኖል አይደሉም። ከፍላቮኖይድ ወገን ደግሞ ሉቴዮሊንና ዘመዶቹ አሉበት። እንግዲህ ጠቅላላ ፌኖል ለክታችሁ "የግራዋን መድኃኒትነት ለካሁ" ካላችሁ፣ መራራውን ነገር ጨርሶ ሳትነኩት ነው። የለካችሁት ፌኖሉን ነው፣ በቃ። ርዕሳችሁም ይህንኑ ይበል።

ለጀማሪ የምመክረው ሦስት ልኬት ነው፦ ጠቅላላ ፌኖል፣ ጠቅላላ ፍላቮኖይድ፣ አንቲኦክሲዳንትነትን የሚያሳየው የዲፒፒኤች ፍተሻ። ሦስቱም አንድ ስፔክትሮፎቶሜትርና ጥሩ ሚዛን ካለ ይሠራሉ። ኤችፒኤልሲ ከተገኘ ደግሞ አንድ ንጥረ ነገር በስሙ ጠርቶ መለካት ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ተክሉን መለየትና መልቀም

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ብትወጡ የደረቀ መድኃኒት በየዓይነቱ ታገኛላችሁ። ለማየት፣ ለመጠየቅ፣ ስም ለመሰብሰብ ጥሩ ቦታ ነው። ለናሙና ግን አይሆንም። "እናቴ፣ ይሄ መቼ ተለቀመ?" ብትሏቸው "ሰሞኑን ነው ልጄ" ይሏችኋል። ሰሞኑን ማለት መቼ ነው? የት? ከስንት ዛፍ? በፀሐይ ነው የደረቀው ወይስ በጢስ? መልስ የለውም። ጥናታችሁ ራሱ የገበያ መድኃኒት ጥራት ካልሆነ በቀር ራሳችሁ ልቀሙ።

ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛም መዝግቡ። ጅማ ላይ ግራዋ ሲሉ የሚገባው አለ፣ ኢቢቻ ሲሉት ብቻ የሚገባው አለ። ብሳናም በካኒሳ ነው። የአገሬው ስም ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአንድ ስም ሁለት ተክል የሚጠራበት አካባቢ አለ። ስለዚህ አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ በጋዜጣ መሐል ተጫኑት፣ አድርቁት፣ ቁጥር ስጡትና ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኅደር) ውስጥ አስቀምጡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይህን ይሠራል። ያ ቁጥር ጽሑፋችሁ ውስጥ መግባት አለበት። የግራዋ ሳይንሳዊ ስም ለረጅም ጊዜ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና ነበር። አሁን ጂምናንተመም አሚግዳሊነም በሚለውም ታገኙታላችሁ። ጽሑፍ ስትፈልጉ በሁለቱም ፈልጉ፣ አለበለዚያ ግማሹ ያመልጣችኋል።

አለቃቀሙ ላይ ወጥ ሁኑ። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ፤ አምስትም ስድስትም ዛፍ ይሁን። ለጋውንና የጠናውን ቅጠል አትቀላቅሉ፤ የፌኖል መጠናቸው ይለያያል። ከመንገድ ዳር አቧራ የጠጣውን፣ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት ማሳ አጠገብ ያለውን ተዉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ጅማ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ በለጠ ጌራ ጫካ ስትሄዱ ከፍታውም እርጥበቱም ሌላ ነው፣ ቅጠሉም እንዲሁ።

ስለ ፈቃድም ልንገራችሁ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 482/1998። ናሙና ወደ ውጭ አገር ለምርመራ መላክ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። የባህል ሐኪም ያካፈላችሁን ዕውቀትም ያለ ፈቃዳቸው አታትሙ። የእንዶድን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ አያየውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ተሸካሚን ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል ተገኘ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ግን በእንዶድ አጠቃቀም ላይ ፓተንት ያወጣው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ደረጃ 2፦ ማድረቅ

ጅማ ላይ ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ዝናቡ ረጅም ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ "በጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት አድርቁ" ይላል። ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ይህን ብታደርጉ የምታገኙት ሻጋታ ነው።

ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ ሥራውን አያቆምም። ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ፌኖሎቹን ከአየር ኦክስጅን ጋር እያገናኙ ይለውጧቸዋል። አረንጓዴው ቅጠል ወደ ቡናማ ሲሄድ የምታዩት እሱን ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር ልትለኩት ያሰባችሁት ነገር ይቀንሳል። ቀስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ውጤቱ ዝቅ ሲል ጥፋቱ የተክሉ አይደለም።

በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ጥላ ይሠራል። ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ቶሎ እጠቡ፣ አትዘፍዝፉ። በወንፊት ሽቦ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ አድርጋችሁ ዘርጉ። ላስቲክ ላይ አይሁን፣ ከሥር ያልበዋል። ነፋስ የሚያገኝ፣ ፀሐይ የማይመታው፣ የማድ ቤት ጢስ የማይደርስበት ክፍል ምረጡ። ጠዋትና ማታ አገላብጡ። በክረምት ግን ጊዜ አታባክኑ። ነፋስ የሚያዞር ኦቨን ውስጥ 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ አድርቁት። 60 ወይም 70 ላይ ቶሎ ይደርቃል ብላችሁ አትጓጉ።

መድረቁን በእጅ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ ሲታሽ ይፈረፈራል። ይሄ ግን አይበቃም። የቅጠሉን መሐል ጅማት አጠፍ አድርጉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተለመጠ ገና ውኃ አለበት። ሽታው ምድር ቤት ምድር ቤት ካለ ወይም ነጭ ነጥብ ካያችሁበት ጣሉት። አይቆጭም።

ለመፍጨት ወፍጮ ቤት አትሂዱ። ትናንት በርበሬና ሽሮ የተፈጨበት ድንጋይ ላይ የምትለኩት የግራዋን ፌኖል ብቻ አይሆንም። የላብራቶሪ መፍጫ ወይም አዲስ የቡና መፍጫ ተጠቀሙ። እያረፋችሁ ፍጩ፣ እንዳይግል። 0.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ንፉት። ያልወረደውን አትጣሉት፤ መልሳችሁ ፍጩና ንፉ። ጅማቱ ከወንፊት በላይ ቀርቶ ከተጣለ ናሙናው ቅጠሉን አይወክልም። ዱቄቱን በቡናማ ጠርሙስ ወይም በፎይል ጠቅልላችሁ ሲሊካ ጄል ካለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ጅማ ላይ ክፍት የተተወ ዱቄት ከአየሩ ውኃ መልሶ ይጠጣል።

አሁን እርጥበቱን ለኩ። ይህን የሚዘለው ብዙ ሰው ነው። 2 ግራም ዱቄት በተመዘነ ክሩሲብል ላይ አድርጉ። 105 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት አቆዩት። ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ ይቀዝቅዝና መዝኑት። መልሳችሁ አንድ ሰዓት አስገቡት፣ እንደገና መዝኑ። ክብደቱ እስኪረጋ ድረስ ቀጥሉ። 2.000 ግራሙ 1.820 ላይ ከረጋ እርጥበቱ 9 በመቶ ነው። በዚህ ሙቀት የደረቀውን ዱቄት ለመለኪያ አትጠቀሙበት። እሱ ለእርጥበት ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ማውጣት

ንጥረ ነገሩን ከዱቄቱ ወደ ፈሳሽ ማዛወር ነው። ሶልቬንቱን፣ ማለትም የሚያሟሟውን ፈሳሽ፣ የሚወስነው ጥያቄያችሁ ነው። ሰው ቤቱ ጨምቆ ወይም አፍልቶ የሚጠጣው ውስጥ ስንት አለ ካላችሁ ውኃ ተጠቀሙ። ቅጠሉ ውስጥ በጠቅላላ ስንት አለ ካላችሁ 80 በመቶ ሜታኖል የተሻለ ይስባል። 80 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ከ20 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውኃ ጋር ማለት ነው።

ሙቀትን በጥርጣሬ እዩት። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ የሚሆነውን አርቴሚሲኒን ለማግኘት ስትደክም፣ ተክሉን ማፍላት ኃይሉን እንደሚያጠፋው የጠረጠረችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ስታወጣው ሠራ። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። የእናንተም ንጥረ ነገር እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ ይሄ ነው። 10 ግራም ዱቄት መዝኑ። 250 ሚሊ ሊትር ክዳን ያለው ፍላስክ ውስጥ ክተቱ። 100 ሚሊ ሊትር የ80 በመቶ ሜታኖል ጨምሩ። ፍላስኩን በፎይል ሸፍኑና ሼከር ላይ በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት አቆዩት። በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት አጥልሉ። አተላው ላይ እንደገና 100 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ እንደገና 24 ሰዓት። ሦስተኛም ድገሙ። ሦስት ጊዜ ተጣርቶ የወረደውን ፈሳሽ አንድ ላይ አድርጉ። ሼከር ከሌለ በየጊዜው በእጅ መነቅነቅ ይቻላል። ግን ለሁሉም ናሙና እኩል ይሁን።

ሜታኖል አረቄ አይደለም። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ክፍት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ፊውም ሁድ (ትነቱን ወደ ውጭ የሚስብ ሳጥን) ውስጥ ሥሩ፣ ጓንት አድርጉ፣ ጠርሙሱ ላይ ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፉ። ላብራቶሪ የሚያጸዳው ሰው እንግሊዝኛ እንዲያነብ አትጠብቁ።

ቀጥሎ ሮታቫፖር (በቫኪዩም የሚያተን ማሽን) ላይ፣ ዋተር ባዙን 40 ዲግሪ አድርጋችሁ ሜታኖሉ ተንኖ እንዲወጣ አድርጉ። እዚህ ላይ ግራዋ ባሕርይ አለው። ሳፖኒን ስላለበት አረፋ ያወጣል። ቫኪዩሙን በአንዴ ብትከፍቱት አረፋው በአንገቱ ወጥቶ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይገባል። አረንጓዴ ኮንደንሰር ማጠብ ሳያንስ ኤክስትራክቱም (ከቅጠሉ የወጣው ነገር) ይቀንሳል። ፍላስኩን ከግማሽ በታች ሙሉት። ቫኪዩሙን ቀስ በቀስ ጨምሩ። አረፋው ሲነሳ ለአፍታ አየር አስገቡ፣ ይወርዳል። የቀረውን ውኃ ፍሪዝ ድራየር ካለ በእሱ፣ ከሌለ 40 ዲግሪ ዋተር ባዝ ላይ ክብደቱ እስኪረጋ አድርቁ።

አሁን መዝኑ። ከ10 ግራም ዱቄት 1.5 ግራም ኤክስትራክት ወጣ እንበል። ምርቱ 15 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ አስምሩበት፣ እንመለስበታለን።

ደረጃ 4፦ ፈጣን ፍተሻ

ሪኤጀንት ከማባከናችሁ በፊት ምን እንዳለ እዩ። ትንሽ ኤክስትራክት በውኃ ውስጥ ነቅንቁ፤ አረፋው ቆሞ ከቀረ ሳፖኒን አለ። ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አድርጉበት፤ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ፌኖል አለ። አልካሎይድ ከፈለጋችሁ የማየር ሪኤጀንት ነጭ ወይም ክሬም ዝቃጭ ይሰጣል። እነዚህ "አለ፣ የለም" ነው የሚሉት። ስንት እንደሆነ አይናገሩም።

ደረጃ 5፦ ጠቅላላ ፌኖል

የምንጠቀምበት ፎሊን ሲዮካልቱ የሚባለው ሪኤጀንት ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. በሁለቱ ሳይንቲስቶች ስም የወጣ አሮጌ ነገር ነው፣ ግን አሁንም ይሠራል። ቢጫ ነው። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ነገር ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። የሰማያዊው ድምቀት ነው የሚለካው።

ጠርሙሱን ስትከፍቱ ቀለሙን እዩ። ወደ አረንጓዴ ከሄደ ሥራ ሳይጀምር ኤሌክትሮን ተቀብሏል፣ አትሥሩበት። ከአዲስ አበባ ሪኤጀንት ለማስመጣት ስንት ወር እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። ቢሆንም አረንጓዴ ፎሊን ከሚያመጣው ጣጣ መጠበቁ ይሻላል።

የሚዘጋጁት እነዚህ ናቸው። ፎሊኑን 1 እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር አቅጥኑ፣ በዕለቱ። 7.5 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት አሟሙና 100 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ለስታንዳርድ፣ ማለትም መጠኑ ለታወቀው ማወዳደሪያ፣ 50 ሚሊ ግራም ጋሊክ አሲድ በ50 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ አዘጋጁ፤ ይህ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ 0.1፣ 0.2፣ 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እና 1.0 ሚሊ ሊትር እየወሰዳችሁ እያንዳንዱን 10 ሚሊ ሊትር አድርሱ። 10፣ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ይወጣል። ከኤክስትራክቱ ደግሞ 25 ሚሊ ግራም በ25 ሚሊ ሊትር የ80 በመቶ ሜታኖል አሟሙ።

ከዚያ፦
ለእያንዳንዱ ቴስት ቲዩብ 0.5 ሚሊ ሊትር ስታንዳርድ ወይም ኤክስትራክት። ማሽኑን ዜሮ ለሚያደርገው ብላንክ 0.5 ሚሊ ሊትር ሶልቬንት ብቻ።
2.5 ሚሊ ሊትር የቀጠነ ፎሊን ጨምሩ፣ ነቅንቁ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ።
2 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ካርቦኔት ጨምሩ፣ ነቅንቁ።
40 ዲግሪ ዋተር ባዝ ላይ 30 ደቂቃ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ።
አቀዝቅዛችሁ 765 ናኖ ሜትር ላይ አንብቡ።

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ካርቦኔቱ ሶሉሽኑን አልካሊ ያደርገዋል፣ ፎሊን ደግሞ አልካሊ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ፌኖሉ ቀድሞ እዚያ ሆኖ ሊጠብቀው ይገባል። ጊዜውም ለሁሉም እኩል ይሁን። ሃያ ቲዩብ ካላችሁ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ጨምሩ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት አንብቡ። የደፈረሰ ካለ ሴንትሪፉጅ አድርጉት እንጂ እንደዚያው አታንብቡ። ድፍርስ ነገር ብርሃን ይበትናል፣ ማሽኑ ፌኖል ይመስለዋል።

ኩቬቱን (ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ዕቃ) በታችኛው በኩል በጣት አትያዙ። በለስላሳ ወረቀት ጥረጉት፣ ሁልጊዜ በአንድ ፊት አስገቡት። የስፔክትሮው መብራት ተበርቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሙቅ። መብራት እንደለመደው በመሐል ድርግም ካለ፣ ሲመለስ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ይሙቅ፣ ብላንኩን እንደገና ዜሮ አድርጉ፣ አንድ ስታንዳርድ ድገሙ። የቀድሞውን ንባብ ካልሰጠ ሙሉውን ድገሙት።

ናሙናው ከ100 ማይክሮ ግራሙ ስታንዳርድ በላይ ካነበበ ኤክስትራክቱን አቅጥኑና ከመጀመሪያው ሥሩ። ሰማያዊውን ቀለም በውኃ ማቅጠን አይቻልም።

አንድ ጥንቃቄ። ፎሊን ፌኖልን ብቻ አይመርጥም። ቫይታሚን ሲ፣ ሪዲዩሲንግ ስኳር፣ አንዳንድ ፕሮቲንም ሰማያዊ ያደርጉታል። እንደ ጽጌረዳ ፍሬ ወይም ሎሚ ቫይታሚን ሲ የበዛበት ናሙና ላይ ይህ ነገር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በጽሑፋችሁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡት።

ስሌቱ፣ የየትኛው ግራም?

የስታንዳርዶቹን ንባብ ኤክሴል ላይ አስገቡ። መስመሩን አውጡ። በግድ በዜሮ እንዲያልፍ አታድርጉት። አር ስኩዌሩ (ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጡ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.995 በታች ከሆነ ስታንዳርዱን ድገሙ እንጂ "የማይመቸውን" ነጥብ አትሰርዙ።

ለማሳያ ብቻ እንዲህ እንበል። መስመሩ፣ አብዞርባንስ (የማሽኑ ንባብ) = 0.010 × ኮንሰንትሬሽን + 0.02 ሆነ። የናሙናው አብዞርባንስ 0.45 ነው። ከ0.45 ላይ 0.02 ቀንሱ፣ ለ0.010 አካፍሉ፤ 43 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር። ኤክስትራክቱ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ስለነበር፣ በ1 ግራም ኤክስትራክት ውስጥ 43 ሚሊ ግራም የጋሊክ አሲድ አቻ አለ።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ያበቃል። ግን ያ 1 ግራም የኤክስትራክት ነው፣ የቅጠል አይደለም። ከ10 ግራም ዱቄት የወጣው 1.5 ግራም ነበር። ስለዚህ 43 በ1.5 ሲባዛ 64.5 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ሲካፈል በ1 ግራም ዱቄት 6.45 ሚሊ ግራም። ዱቄቱ ደግሞ 9 በመቶ ውኃ ነበረበት። 10 ግራሙ በእውነት 9.1 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው። 64.5 ለ9.1 ሲካፈል 7.09።

አንድ ቲዩብ፣ ሦስት ቁጥር፦ 43፣ 6.45፣ 7.09። ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ግን የሚሉት የተለያየ ነው። አንዱ ሰው 43 ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ስለዚያው ተክል 7 ብሎ ጻፈ፤ አንባቢ "የጅማው ግራዋ ከሌላው ስድስት እጥፍ ይበልጣል" ይላል። ዩኒቱ ሥር የተቀበረውን ግራም ያየው የለም። ስትጽፉ "በግራም ኤክስትራክት" ወይም "በግራም ደረቅ ቅጠል" ብላችሁ ግልጽ አድርጉ። የሌላ ሰው ቁጥር ጋር ስታወዳድሩም መጀመሪያ የእሱን ግራም ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ጠቅላላ ፍላቮኖይድ

አሉሚኒየም ክሎራይድ ከፍላቮኖችና ከፍላቮኖሎች ጋር ሲያያዝ ቢጫ ይሰጣል። ሉቴዮሊን ፍላቮን ስለሆነ ለግራዋ ይስማማል። እንደ ብርቱካን ላሉ ፍላቫኖን ለሚበዛባቸው ግን በዚህ መንገድ ብዙ ይቀራል።

0.5 ሚሊ ሊትር ኤክስትራክት፣ 1.5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ 0.1 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ፣ 0.1 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ፖታሲየም አሴቴት፣ 2.8 ሚሊ ሊትር ውኃ። በክፍል ሙቀት 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 415 ናኖ ሜትር ላይ። ስታንዳርዱ ክወርሰቲን ነው፣ በሜታኖል የሟሟ።

እዚህ ትልቁ ወጥመድ ክሎሮፊል ነው። የቅጠል አረንጓዴ ራሱ 415 አካባቢ ላይ ብርሃን በደንብ ይውጣል። ስለዚህ አንድ የጋራ ብላንክ አይበቃም። ለእያንዳንዱ ናሙና የራሱን ብላንክ ሥሩ፦ ሁሉም ነገር ያው፣ በአሉሚኒየም ክሎራይዱ ፋንታ ውኃ። ከናሙናው ንባብ ላይ ያንን ቀንሱ። ይህ ካልተደረገ የምትዘግቡት ፍላቮኖይድ ግማሹ ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ዲፒፒኤች

ዲፒፒኤች ሐምራዊ ነው። አንቲኦክሲዳንት ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይገረጣል። ምን ያህል ገረጣ የሚለው ነው ልኬቱ።

4 ሚሊ ግራም ዲፒፒኤች በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል አሟሙ፣ በፎይል ሸፍኑ፣ በዕለቱ ተጠቀሙበት። ኤክስትራክቱን ከ10 እስከ 400 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር በስድስት ደረጃ አቅጥኑ። ከእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 3 ሚሊ ሊትር ዲፒፒኤች ጨምሩ። ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ። 517 ናኖ ሜትር ላይ አንብቡ። ኤክስትራክት የሌለበት ኮንትሮል ይኑራችሁ።

ከኮንትሮሉ ንባብ የናሙናውን ቀንሱ፣ ለኮንትሮሉ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 50 በመቶ ላይ የሚያደርሰው ኮንሰንትሬሽን አይሲ 50 ይባላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኤክስትራክቱ የበረታ ነው። አስኮርቢክ አሲድንም (ቫይታሚን ሲን) ለማወዳደሪያ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዲፒፒኤች ሥሩ። አይሲ 50 በዲፒፒኤቹ መጠን ስለሚለዋወጥ፣ ከሌላ ጽሑፍ ቁጥር ጋር ሳያገናዝቡ ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

ቲዩብ ውስጥ ዲፒፒኤች አገረጣ ማለት ሰው አዳነ ማለት አይደለም። የመድኃኒቱን ልክ ከዚህ ቁጥር ማውጣትም አይቻልም። ለዘመድ "ላብራቶሪ አረጋግጧል" ብላችሁ እንዳትነግሩ።

ኤችፒኤልሲ ካገኛችሁ

በሰው ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ኦፕሬተሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ኮለሙን በክሎሮፊል ከደፈናችሁበት ሁለተኛ አያስገባችሁም። ኤክስትራክቱን በ0.45 ማይክሮ ሜትር ፊልተር አጥልሉ። መነሻ የሚሆን ሁኔታ፦ ሲ18 ኮለም፣ 0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ያለበት ውኃና አሴቶናይትራይል፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር፣ አሴቶናይትራይሉን ከ10 ወደ 60 በመቶ በ30 ደቂቃ ማሳደግ። ሉቴዮሊንን 350 ናኖ ሜትር ላይ ፈልጉ።

ፒኩ ስታንዳርዱ የወጣበት ደቂቃ ላይ ስለወጣ ብቻ "እሱ ነው" አትበሉ። የዩቪ ስፔክትረሙን አስተያዩ። ናሙናው ላይ የታወቀ መጠን ያለው ስታንዳርድ ጨምራችሁ እንደገና በማሽኑ አሳልፉት። ያው ፒክ ብቻ ከፍ ካለ ጥሩ። ጎኑ ላይ ሌላ ጉብታ ከወጣ ሌላ ነገር ነው። ይኸው ሙከራ ሪከቨሪውንም (ከጨመራችሁት ስንቱ ተመልሶ እንደተለካ) ይነግራችኋል። የመለየት ወሰኑን 3.3፣ የመለካት ወሰኑን 10 በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አባዝታችሁ ለመስመሩ ስሎፕ በማካፈል አስሉ።

ሦስት ጊዜ ማለት ምን ማለት ነው?

"በሦስት ድግግሞሽ ተሠርቷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉም ጽሑፍ ላይ አለ። አንዱን ቲዩብ ሦስት ጊዜ ማንበብ የማሽኑን መንቀጥቀጥ ብቻ ያሳያል። ከአንድ ዱቄት ሦስት ጊዜ ማውጣት የእጃችሁን ልዩነት ያሳያል። ሦስት ቦታ ከተለቀሙ ሦስት ናሙናዎች መሥራት ነው የተክሉን ልዩነት የሚያሳየው። "የጅማ ግራዋ" ብላችሁ ለመናገር የመጨረሻው ያስፈልጋል። የቆጪ አካባቢን ከጅሬን ጋር ለማወዳደር ከየቦታው አንድ አንድ ዛፍ ለቅማችሁ ቲዩቡን ሦስት ሦስት ጊዜ ብታነቡት፣ ያወዳደራችሁት ሁለት ዛፍ ነው። ድግግሞሹ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጻፉ፣ አማካዩን ከስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ጋር ስጡ።

ሲጨርሱ

ሜታኖል ያለበት ተረፈ ፈሳሽ ለብቻው፣ ፎሊንና አሲድ ያለበት ለብቻው ጠርሙስ ይጠራቀም። ሲንክ ውስጥ የፈሰሰ ነገር መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። የተረፈውን ኤክስትራክት በቡናማ ጠርሙስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። ጠርሙሱ ላይ የሄርባሪየም ቁጥሩን፣ የተለቀመበትን ቀንና ቦታ፣ ሶልቬንቱን፣ የወጣበትን ቀን ጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፣ ሜታኖል ያጠፋዋል። በእርሳስ ጽፋችሁ በጥርት ያለ ፕላስተር ሸፍኑት።